አሮጌ ፒካፕ ከፍ ስናስደርግ የምንሳሳተው

ክረምት ገብቶ የገጠሩ ዋልካ ጎማ መዋጥ ሲጀምር ጎጃም ውስጥ ፒካፕ ያለው ሁሉ «መኪናዬን ትንሽ ከፍ ላስደርጋት» ይላል። እኔም ብያለሁ። አሮጌ ሃይሉክስ ናት፤ ፊቷን የሚሸከማት ቶርሽን ባር፣ ማለትም እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ ነው፤ ኋላዋን ደግሞ ባሌስትራ፣ ተነባብሮ የታሰረው ጠፍጣፋ ብረት። የፈለግሁት 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር።

ሳትለኩ አትጀምሩ። ሜዳ ላይ አቁሟትና ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን አራቱንም ለክታችሁ ጻፉ። የኔዋ የኋላ ግራዋ ከቀኟ 3 ሴንቲ ዝቅ ብላ አገኘኋት። ስንት ዓመት ጤፍ ስትጭን ባሌስትራው ተዘርግቷል። እንዲህ ያለው ላይ ብረት መደረብ ዋጋ የለውም፤ ባሌስትራው ይቀየር። የጠፋችውን ከፍታ አንዳንዴ እሱ ብቻውን ይመልሳታል። ከአክሰሉ ጋር የሚያስረውን ዩ ቦልትም አሮጌውን መልሳችሁ አትሰሩበት፣ አንዴ ተስቧል። አዲሱም ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ይጥበቅ።

ቶርሽን ባሩ ላይ እኔው ነኝ ጥፋተኛ። «ጋሼ፣ ትንሽ ልጨምርላት?» አለኝ የጋራዡ ልጅ የባሩን ማስተካከያ ቡሎን እያጠበቀ። ጨምር አልኩት! ቡሎኑ ሲጠብቅ ባሩ አይጠነክርም፤ መኪናዋ የምትቆምበትን ከፍታ ነው የሚያነሳው። ስለዚህ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ያጣል፣ ጎማውን የያዘው የላይኛው ክንድ ማቆሚያውን «ጓ» እያደረገ ይመታል፣ የፊት አክሰሉም ጆይንት በሰያፍ ስለሚሽከረከር ቶሎ ያልቃል። ከ3 ወይም 4 ሴንቲ በላይ አትሂዱ። ሥራው ሲያበቃ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቋም ማስተካከል፣ ግድ ነው፣ አለዚያ ጎማው በአንድ ጎኑ ይበላል። የፊት መብራቱንም ዝቅ አስደርጉ፤ ማታ አይሱዙ ነጂ ሁሉ ይሰድባችኋል።

የጎሚኒዎቹን፣ ማለትም መጋጠሚያው ላይ ያሉትን ላስቲኮች፣ ቡሎን ደግሞ መኪናዋ ክሪክ ላይ ተንጠልጥላ አታጥብቁ። መጀመሪያ በጎማዋ ትቁም፤ ካልሆነ ላስቲኩ እንደተጠመዘዘ ይቀርና ይቀደዳል።

አሁን ወደ ፍሬኑ። ብዙ ፒካፕ ላይ ከጭነቱ ወለል ስር፣ የኋላ አክሰሉ አጠገብ፣ በዘንግ የተያያዘ አንድ ቫልቭ አለ። ሻሲው ወደ አክሰሉ ሲቀርብ ጭነት እንዳለ ያውቅና ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቃል። መኪናዋን ከፍ ስታደርጓት ባዶ የሆነች ይመስለዋል፣ ለኋላው ይቀንሳል። እኔ ይሄን ሳላውቅ ኩንታል ጭኜ ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ ወረድኩ። ቁልቁለቱ ከሺህ ሜትር በላይ ነው። ግማሽ ሳልደርስ የፊት ፍሬኑ የተቃጠለ ሽታ ጋቢና ገባ፣ ፔዳሉ ለሰለሰብኝ። በከባድ ማርሽ እየጎተትኩ ዳር ይዤ ቆምኩና እስኪበርድ ጠበቅሁ። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ዘንጉ አክሰሉ ላይ የታሰረበትን ቦታ መኪናዋ ከፍ ባለችው ልክ ከፍ ማድረግ። የፍሬን ቱቦውንም ጎማው ሙሉ በሙሉ ተንጠልጥሎ ሳለ እዩት፣ ተወጥሮ ከሆነ አጥሯል ማለት ነው።

በመጨረሻ የኋላ ዲፈረንሻሉ፣ ከኋላ ጎማዎቹ መሃል ያለው ድቡልቡሉ የጥርስ ቤት፣ አብሮ ከፍ ይላል ብላችሁ አትጠብቁ። እሱ አክሰሉ ላይ ነው ያለው፣ ከፍ የሚያደርገው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው። ይሄንንም ያወቅሁት ጭቃ ውስጥ ነው። ያንን ሁሉ ካወጣሁ በኋላ በመጀመሪያው ዝናብ እዚያው የድሮ ቦታዬ ላይ ተቀበርኩ። አራት ጎረምሶች ገፍተው አወጡኝ፤ አንደኛው ጭቃውን ከፊቱ እየጠረገ «ጋሼ፣ ከፍ አስደርገዋት የለም እንዴ?» አለኝ።