የጥብስ ቅጠል ዘይት ሽታው ለምን ይጠፋል?

የጥብስ ቅጠል ዘይት ቤታችሁ ሞክራችሁ ሽታው አልወጣ ካላችሁ፣ ዘይቱን ከመቀየራችሁ በፊት ቅጠሉን እዩት። የት በቀለ? መቼ ተቆረጠ? እንዴት ደረቀ?

አንዱን ቅጠል በጣታችሁ ፈተግ አድርጉና አሽትቱ። እጃችሁ ላይ የሚጣበቀው፣ ቅጠሉ ላይ ካሉት ጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች የወጣው ነው። ፀሐይ ያገኘ ተክል ሽታው ይበረታል። ጥላ ሥር ውኃና ፍግ ሞልቶለት ያደገው ግን ለዓይን ያምራል እንጂ ሽታው ለስለስ ያለ ነው። ደሴ ያላችሁ ተዳፋት ላይ ትከሉት፤ ውኃ ከተኛበት በክረምት ሥሩ ይበሰብሳል። ስትቆርጡ ደግሞ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ይሁን።

ትልቁ ጉዳይ ማድረቁ ነው። እኔ አንዴ ቸኩዬ ቆርቆሮ ላይ አሰጣሁት። ቶሎ ደረቀ፣ ሽታው ግን አብሮ ሄደ፤ ያን ሁሉ ቅጠል ሳስበው እስካሁን ይቆጨኛል። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ሰፌድ ላይ ሳሳ አድርጋችሁ አስጡት፤ በቀን ሁለቴ አገላብጡት። ደሴ ጉም ሲወርድ ቅጠል ይሻግታል፤ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል ሞቅ ይላል፣ እዚያ ዘመድ ካላችሁ ላኩት። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። እርጥቡን ዘይት ውስጥ እንዳትጨምሩ! አየር በሌለበት የሚራባ መርዘኛ ባክቴሪያ አለ፤ የሚያመጣው ሕመም ለሕይወት ያሰጋል።

ከዚያ አንድ ስኒ ደረቅ ቅጠል በሁለት ስኒ ዘይት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጉና፣ በቀስታ የሚፈላ ውኃ ባለበት ድስት ላይ ለሁለት ሰዓት አቆዩት። ደሴ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ዘይቱ አያርርም። በቀጥታ እሳት ላይ ግን ይቃጠላል።

በውኃ ብቻ ካፈላችሁት ቀለሙና ምሬቱ ይወጣል፣ ሽታው በእንፋሎት ይበናል፤ ስለዚህ ክደኑት። ያንን እንፋሎት መያዝ ከፈለጋችሁ መንገዱ አረቄ እንደሚወጣበት ነው፦ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ ይቀዘቅዛል፣ ዘይቱ ከውኃው በላይ ይንሳፈፋል። ከብዙ ቅጠል የሚገኘው ጥቂት ጠብታ ነው፤ በጣም ኃይለኛ ስለሆነ በሌላ ዘይት ሳይቀጥን ቆዳ ላይ አይቀባም።

ድስት ላይ ያሞቃችሁትን ዘይት በንጹሕ ስስ ጨርቅ አጥልሉትና ደረቅ፣ ጠቆር ያለ ጠርሙስ ውስጥ ክተቱት። ከምድጃና ከመስኮት አርቁት።