አዲስ አበባና ዙሪያዋ፦ በትራንስፖርት ዕቅድ ደጋግመን የምንሳሳታቸው ነገሮች

በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ዕቅድ ጽፌያለሁ፣ ሌላው የጻፈውንም ገምግሜያለሁ። በየዓመቱ አዲስ ምሩቅ የእኔኑ የድሮ ስህተት ይዞ ይመጣል። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ ሶፍትዌሩን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ግን አብዛኞቹ ታክሲ ሰልፍ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የቆሙት ተማሪ ሳሉ ነው። እስኪ እንደመጣልኝ ልዘርዝረው።

ካርታውን የከተማው ወሰን ላይ መቁረጥ

በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ስለ አዲስ አበባ ትራንስፖርት የተሠራ ጥናት ይመጣልኛል። ካርታውን እዘረጋለሁ። ለገጣፎ ጋ ሲደርስ ነጭ ወረቀት። ሱሉልታ ነጭ። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ገላን፣ ሁሉም ነጭ። እዚያ ሰው የለም እንዴ? ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከለገጣፎ ወደ መገናኛ የሚመጣውን መኪና ያየ ሰው እንዲህ ያለ ካርታ አይሥልም። የመሃል ከተማ ኪራይ አልቀመስ ሲለው ወጣ ብሎ የተከራየው ሰው ሥራው ያው ፒያሳ ወይም ቦሌ ነው። ወሰኑን በቀን ሁለቴ ይሻገራል። ወሰን መሆኑ ትዝ የሚለው ከአንዱ ሚኒባስ ወርዶ ለሌላው ሲሰለፍና ሁለተኛ ሒሳብ ሲከፍል ነው።

"እሱ እኮ የሌላ አስተዳደር ነው" ይሉኛል። ነው። በ2015 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል ሥር ሸገር ከተማ ስትመሠረት በዙሪያው ያሉትን ከተሞች ጠቅልላ ይዛለች። ታዲያ ካርታ ከመሣሉ በፊት የሁለቱ ወገን ባለሙያዎች ተቀምጠው ስምሪቱን፣ ታሪፉንና መናኸሪያውን ይነጋገሩበት። ይህ ስብሰባ አሰልቺ ነው። አበል የለውም፣ ሪባን አይቆረጥበትም። ሳይደረግ የተሠራ ዕቅድ ግን እኔ ጠረጴዛ ላይ ባይደርስ ደስ ይለኛል።

ግልባጩም አለ፤ ነዋሪውን ሳይዙ ወሰን ተሻግሮ መሣል። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች ያጣመረው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ወሬው ሲወጣ ተቃውሞ ተነሣ። ገበሬው ስለ አውቶቡስ አልነበረም የጠየቀው። "መሬቴስ?" ነው ያለው። የሰው ሕይወት ጠፋ። ጥር 2008 ላይ ዕቅዱ ቀረ። ይህን ሳያነሣ ስለ ሁለቱ አስተዳደሮች ተቀናጅቶ መሥራት 100 ገጽ የሚጽፍ ባለሙያ ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል።

ቤቱ ይቅደም፣ ትራንስፖርቱ ይደርሳል ማለት

አይደርስም። ከተማው ዳር ያሉትን የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች፣ ኮዬ ፈጬን፣ ቱሉ ዲምቱን፣ የካ አባዶን እዩ። ኮንዶሚኒየም ሲወጣለት እልል ያስባለ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። ግሩም ቤት ነበር፣ ሦስተኛ ፎቅ። ለስምንት ወር ሌሊት 11 ሰዓት እየተነሣ ተመላለሰ። ማታ ሲገባ ልጆቹ ተኝተዋል። በመጨረሻ ቤቱን አከራይቶ መሃል ከተማ አንድ ክፍል ተከራየ። ባለቤት ሆኖ ተከራይ!

ዕቅዱን ጣቢያው በር ላይ መጨረስ

የድሮው የጅቡቲ ባቡር ለገሃር ነበር የሚያራግፈው። ሻንጣህን ይዘህ በእግርህ ስታዲየም ነህ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ጣቢያው ለቡ ነው። የከተማው ቀላል ባቡር ደግሞ በደቡብ በኩል ቃሊቲ ላይ ያቆማል። ሁለት ባቡር አለን፣ አይገናኙም። ከድሬዳዋ ጓዝ ይዞ የመጣ መንገደኛ ከጣቢያው ሲወጣ ከባለ ታክሲ ጋር ክርክር ይጀምራል።

ድልድይ ሠርቶ እግረኛውን መውቀስ

የእግረኛ ድልድዩን ትቶ በመኪና መሃል የሚሻገረውን እያየሁ "ሕዝቡ ሥርዓት የለውም" ስል ከርሜያለሁ፣ እኔም። አንድ ቀን አለቃዬ ድልድዩ ሥር አቆመኝ። ከወፍጮ ቤት የምትመለስ እናት ዱቄቷን አዝላ መጣች። ደረጃውን ቀና ብላ አየች። መንገዱን አየች። ደረጃውን ደግማ አየች። ከዚያ ነጠላዋን ጠበቅ አድርጋ በመኪናው መሃል ገባች። ከዚያን ቀን በኋላ ያንን አባባል ተውኩት። በዚህ ከተማ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር ነው። መሻገሪያው መሬት ላይ ይሁን፤ መኪናው ፍጥነቱን ይቀንስ።

መጨናነቅን በመንገድ ማስፋት መፍታት

ሰፋ፣ ሞላ። ሌላ የምለው የለኝም።

ግዢን ዕቅድ ማለት

ቀላል ባቡሩ በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር ደስታችን ልክ አልነበረውም። ወደ 34 ኪሎ ሜትር መስመር፣ 41 ባቡር። ጥቂት ዓመት አልፎ አብዛኞቹ መለዋወጫ አጥተው ቆሙ። ዕቅድ ስትጽፉ ጎማና ፍሬን የሚገዛበትን ብር፣ በየትኛው ምንዛሪ እንደሚከፈልም ጭምር፣ አብራችሁ ጻፉ።

የቆመውን ሰው ብቻ መቁጠር

ይሄ የራሴ ነው፣ ሲያሳፍረኝ ይኖራል። ወጣት ሳለሁ በምዕራብ በር በኩል ስንት ሰው እንደሚገባ እንድቆጥር ተላክሁ። ከሰበታ የሚመጣውን ቆጠርኩ፣ ጦር ኃይሎች ላይ የሚሳፈረውን ቆጠርኩ፣ ደመርኩ። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ኮራሁ። ለካ ሚኒባሱ መንገድ ሲያቆራርጥ ያው ሰው ወርዶ እንደገና ይሳፈራል፤ ሁለቴ ቆጥሬዋለሁ። የቆጠርኩትም ጠዋትና ማታ ብቻ ነበር። ረፋድ ላይ ቅቤና አትክልት ይዘው ወደ መርካቶ የሚሄዱት ሴቶች ወረቀቴ ላይ የሉም።

ይህን ያሳየኝ ተራ አስከባሪው ነው። ፎርሜን ተቀብሎ አየና ሳቀ። "አንተ፣ እነዚያንስ?" አለኝ። ዞር ስል ሒሳቡ ያልሞላላቸው ሰዎች በመንገዱ ዳር ተሰልፈው ወደ ከተማ በእግራቸው ይገባሉ። ፎርሙን እዚያው ቀድጄ በማግስቱ መንገዱ ዳር ቆሜ እንደገና ጀመርኩ።