የስጋ ኑድል በደሴ ወጥ ቤት፦ እሳት ከመለኮሱ በፊት ያለው ሥራ

ወጥ ታጋሽ ነው። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ነጭ ሽንኩርት ትልጣላችሁ፣ ጎረቤት ብቅ ካለች ታወራላችሁ፣ ልጅ ደብተር ይዞ ቢመጣ ታዩለታላችሁ። የተጠበሰ ኑድል ግን እንዲህ አይታገስም። መጥበሻው ከተጣደ በኋላ ያለው ሥራ ቢበዛ አሥር ደቂቃ ነው። በዚያ አሥር ደቂቃ ውስጥ ቢላዋ ፍለጋ መሄድ የለም። ስለዚህ ይህን ምግብ ለሰው ሳሳይ ሁሌም የምጀምረው ከዚህ ነው፦ ሁሉም ነገር ተከትፎ፣ ተለክቶ፣ በየሳህኑ ካልተቀመጠ እሳት አይለኮስም።

ቻይናዎች ቻው ምየን ይሉታል፤ የተጠበሰ ኑድል ማለት ነው። ኢንዶኔዥያውያን ሚ ጎሬንግ ይላሉ፤ ትርጉሙ ያው ነው። ልጆቻችን የሚወዱት ኢንዶሚ ስሙ ላይ ያለችው "ሚ"ም ይህችው ቃል ናት። እኔ የማሳያችሁ የአንዱን አገር ምግብ እንዳለ አይደለም። ዘዴውን ከነሱ ወስደን፣ ዕቃውን ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ሱቅ አሟልተን የምንሠራው እራት ነው።

ለአራት ሰው የሚበቃው ይህ ነው። ግማሽ ኪሎ የበሬ ስጋ። ከግማሽ ኪሎ ፓስታ ሦስት አራተኛው፣ ቀጭኑ ከተገኘ ቀጭኑ። አንድ ትልቅ ካሮት፣ የአንድ ጥቅል ጎመን ሩብ፣ አንድ ቀይ ሽንኩርት፣ ሁለት ቃሪያ፣ ግማሽ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል። ሶይ ሶስ፣ አቼቶ፣ ስኳር ወይም ማር፣ ዘይት፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ የበቆሎ ስታርች። ስታርቹ ከጠፋ ቡላ ይተካዋል፤ እሱም መረቁን ያወፍራል። በመጨረሻ አንድ እፍኝ ሰሊጥና አንድ ሎሚ። ከነዚህ ውስጥ ሱፐርማርኬት የሚያስኬዳችሁ ሶይ ሶሱና ምናልባት ስታርቹ ነው። አትክልቱን ሰኞ ገበያ ወይም በየሰፈሩ ጉሊት ታገኙታላችሁ።

ስጋው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እኛ አገር ስጋ የሚበላው ትኩስ ነው። ጠዋት የታረደ በሬ ማታ ድስት ውስጥ ይገባል። ለጥሬ ስጋ ይህ ጥሩ ነው፤ ለመጥበስ ግን ያስቸግራል። ከብት ከታረደ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ጡንቻው ይኮማተርና ይደርቃል፤ መልሶ የሚላላው ሲያድር ነው። ስለዚህ ማቀዝቀዣ ካላችሁ ስጋውን ለነገ ሳይሆን ለከነገ ወዲያ ግዙት። ካልሆነም ግድ የለም፣ መላ አለው።

እኔ ስጋ ስገዛ ባለ ልኳንዳው ሁሌ "ለጥብስ ነው ለወጥ?" ይለኛል። "ለጥብስ፣ ግን ስስ አድርጌ ነው የምቆርጠው" ስለው "እንግዲያው ጭቅና ውሰጂ እታለም፤ ካለቀ ሽንጥ" ይለኛል። ልክ ነው። ጭቅና ውድ ነው፣ ሽንጥ ይበቃል። ፍሪምባና ጎድን ረጅም ሰዓት መቀቀል የሚፈልጉ ስለሆኑ ለዚህ አይሆኑም።

ስጋውን ሳትቆርጡ ፍሪዘር ውስጥ አርባ ደቂቃ ያህል አስቀምጡት። ድንጋይ ሳይሆን ጠንከር ሲል ቢላዋው አያንሸራትትም፣ እንደ ወረቀት ይሳሳል። ከዚያ መክተፊያ ላይ አድርጉትና ጠጋ ብላችሁ እዩት። እንደ ተፈተለ ጥጥ ጎን ለጎን የተኙ ክሮች ይታያሉ። ቢላዋው መሄድ ያለበት ከክሮቹ ጋር ሳይሆን ክሮቹን እያቋረጠ ነው። ከክሩ ጋር የተቆረጠ ስጋ ጥርስ ላይ ይጎተታል። ተቋርጦ የተቆረጠው ግን ክሩ አጭር ስለሆነ ቶሎ ይበጠሳል። ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን።

ቀጥሎ ቻይናዎቹ የሚጠቀሙበት መላ ይመጣል። የተቆረጠው ስጋ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በትኑና በእጃችሁ አሹት። ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ። ሶዳው የስጋውን ገጽ አሲድነት ስለሚቀንስ እሳት ሲነካው ፕሮቲኑ እርስ በርሱ አጥብቆ አይጨማደድም። ውሃውንም ይይዛል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በደንብ በውሃ አለቅልቁት፤ ካልታጠበ ሳሙና ሳሙና ይላል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በሶፍት ተጭናችሁ አድርቁት። ማድረቁን አትዝለሉት። እርጥብ ስጋ አይጠበስም፣ ይቀቀላል። ሲደርቅ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስታርችና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ አዋህዱትና ወደ ጎን አድርጉት።

ስጋው ሲጠብቅ አትክልቱን አዘጋጁ። ካሮቱ እንደ ክብሪት እንጨት፣ ጎመኑ ጣት በሚያህል ስፋት፣ ሽንኩርቱ በረጅሙ ይቆረጥ። ሽንኩርቱን አታድቅቁት፤ ቁሌት አይደለም። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ግን ደቀቅ ይበሉ። በአንድ ኩባያ ደግሞ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ወይም ማር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስታርችና አንድ የቡና ስኒ ውሃ በጥብጡ። ጨው አትጨምሩ። ሶይ ሶስ ራሱ ጨው ነው።

አሁን ኑድሉ። እውነተኛው የእንቁላል ኑድል ከተገኘ ደስ ይላል። ካልተገኘ ፓስታን ኑድል የሚያስመስል ቀላል ዘዴ አለ፣ እሱም ያው ቤኪንግ ሶዳ ነው። 3 ሊትር ውሃ ሲፈላ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶዳ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ይገነፍላልና ድስቱ ሰፊ ይሁን። ፓስታው በዚህ ውሃ ሲበስል ቢጫ ይላል፣ ሸካራነቱ ይለወጣል፣ ነከስ ሲደረግ ይለጠጣል። ቻይናና ጃፓን ውስጥ ብዙ ኑድል ቢጫ የሚሆነውና የሚለጠጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዱቄቱ ሲቦካ የሶዳ ዘመድ የሆነ ጨው ይገባበታል። ኢንዶሚ የምትጠቀሙ ከሆነ ሶዳውን ተዉት፣ ማጣፈጫ ከረጢቱንም ለሌላ ቀን አስቀምጡት፤ ሁለት ደቂቃ ቀቅሎ ማውጣት ይበቃል።

ደሴ ለምንኖር ሰዎች አንድ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ወደ 94 ይጠጋል። ስለዚህ ፓኬቱ ላይ 8 ደቂቃ ቢል ደሴ ላይ አሥርም አሥራ አንድም ሊፈጅ ይችላል። ሰዓት ሳይሆን ጥርሳችሁን እመኑ። አንድ ዘለላ አውጥታችሁ ቅመሱ፤ መሃሉ ትንሽ ጠንከር ሲል አውጡት፣ ምክንያቱም መጥበሻው ላይ እንደገና ይበስላል። በቀዝቃዛ ውሃ አጥባችሁ አጥልሉትና በአንድ ማንኪያ ዘይት ለውሱት፤ አይያያዝም።

እሳቱ የሚለኮሰው አሁን ነው።

ቻይናዎች ጎድጓዳ የብረት መጥበሻ አላቸው። እኛ ቆሎ የምንቆላበት ብረት ምጣድ በጣም ይቀርበዋል። ቡና የተቆላበት ከሆነ ግን ሽታው አይለቅምና ተዉት። ብረት ምጣድ ከሌለ ሰፊ ወፍራም መጥበሻ ይሁን። ቡታጋዝ ይመረጣል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ከሆነ ቀድማችሁ አምስት ደቂቃ አግሉት። መብራት ከሄደም ከሰል ጥሩ እሳት ነው፣ ፍሙ ከተራገበ እንዲያውም ይበልጣል። ግን ደሴ ብርድ ነው ብላችሁ ከሰሉን ዘግታችሁ ቤት ውስጥ አታቀጣጥሉ። ጋዙ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል። በረንዳ ላይ ወይም በር ተከፍቶ ይሠራ።

መጥበሻው ሲግል ጠብታ ውሃ ጣሉበት። ቸስ ብላ ከጠፋች ደርሷል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩና የስጋውን ግማሽ ብቻ አስገቡ። ግማሽ ብቻ። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ስሠራ ግማሽ ኪሎውን አንድ ላይ ጨመርኩት። የቸስታው ድምፅ ወዲያው ጠፋ፣ መጥበሻው ቀዘቀዘ፣ ስጋው ግራጫ ውሃ አውጥቶ መንተክተክ ጀመረ። ያን ቀን የበላነው ፓስታ በስጋ መረቅ ነበር። ስጋው ገብቶ ድምፁ ካልጠፋ ልክ ናችሁ። ዘርግታችሁ አንድ ደቂቃ አትንኩት፣ ቡናማ ይያዝ። ገልብጡና ሠላሳ ሰከንድ ሲቆይ አውጡት። ቀሪውንም እንዲሁ።

በዚያው መጥበሻ ትንሽ ዘይት ጨምራችሁ ቀይ ሽንኩርቱንና ካሮቱን አስገቡ። አንድ ደቂቃ። ጎመኑንና ቃሪያውን፤ አንድ ደቂቃ። ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን መጨረሻ ላይ፣ ሽታው ብድግ እስኪል፤ ቀድመው ከገቡ ያርራሉ። አትክልቱ ሲነከስ ቀርጠፍ ማለት አለበት። እናቴ መጀመሪያ ስታየው "ይሄ እኮ አልበሰለም" አለችኝ። ሲቀርብላት ግን ጎመኑን እየመረጠች በላች።

ከዚያ ኑድሉን፣ ስጋውን ከነወረደው ፈሳሽ፣ ኩባያ ውስጥ ያለውን መረቅም እንደገና በጥብጣችሁ አስገቡ፤ ስታርቹ ታች ይዘቅጣልና። በሁለት ሹካ ከታች ወደ ላይ እያነሳችሁ አገላብጡ። መረቁ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይወፍራል፣ ኑድሉ ላይ ይጣበቅና ያብለጨልጫል። ያኔ ቅመሱ። የጎደለው ብዙ ጊዜ ጨው ሳይሆን ኮምጣጣነት ነው፣ ሎሚ ጨምቁበት። የሚያቃጥል የሚወድ ሚጥሚጣ ይነስንስ። ሰሊጡን በደረቅ መጥበሻ ፈካ እስኪል ቆልታችሁ ከላይ በትኑ። ያለ እሱ ምግቡ ጥብስ ጥብስ ይላል፤ የኤስያ መዓዛ የሚሰጠው የተቆላ ሰሊጥ ነው። ሰሊጥ ደግሞ ከሑመራና ከመተማ የሚመጣ የራሳችን ሰብል ነው።

በጾም ቀን ስጋውን በእንጉዳይ ተኩት፤ ኑድሉም እንቁላል የሌለበት ይሁን። እስላምም ክርስቲያንም ጎረቤት በአንድ ማዕድ ስጠራ ደግሞ ስጋውን ትቼ በእንቁላል እሠራዋለሁ፤ ወሎ ውስጥ ማንም ሳይሳቀቅ የሚበላው እንዲያ ሲሆን ነው።

ወዲያው ይቅረብ። የደሴ ማታ ምግብ ቶሎ ያቀዘቅዛል፣ መረቁም ይረጋል። ከተረፈ ማቀዝቀዣ ውስጥ አድሮ ጠዋት በትንሽ ዘይት ሞቅ አድርጋችሁ አንድ እንቁላል ስበሩበት።