ዱካቲ ዲያቬልን ከመግዛትዎ በፊት እንዴት እንደሚፈትሹት

የጣሊያኑን የዱካቲ ሞተር ብስክሌት፣ ዲያቬልን፣ በፎቶ ብቻ የሚያውቅ ሰው ቀጥ ባለ አውራ ጎዳና ላይ ካልሆነ የማይመች፣ ረጅምና ከባድ ክሩዘር (ዝቅ ያለ፣ ዘና ተብሎ የሚነዳ ሞተር) ይመስለዋል። የነዱት ግን ሌላ ነው የሚናገሩት፤ ቁመናው የክሩዘር ይሁን እንጂ ጠባዩ የስፖርት ሞተር ነው። ጥሩ አድርጎ ለመፈተሽ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በዝቅተኛ ዙር እያንፏቀቁ ከሞከሩት መጥፎ ጎኑን ብቻ አይተው ይመለሳሉ።

እዚህ የሚወራው በዋናነት ስለ መጀመሪያው ትውልድ ነው። ሚላኖ ላይ በ2010 መጨረሻ ታይቶ ከ2011 ጀምሮ የተሸጠው ማለት ነው። ሞተሩ 1198 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር በ90 ዲግሪ፣ 162 የፈረስ ጉልበት በደቂቃ በ9,500 ዙር፣ 127.5 ኒውተን ሜትር ጉተታ በ8,000 ዙር። ነዳጅና ዘይት ተሞልቶ 239 ኪሎ ይመዝናል። የመቀመጫው ከፍታ 770 ሚሊሜትር ስለሆነ አጭር ሰው እንኳ ሁለቱንም እግሩን መሬት ያስረግጣል፤ ሲቆሙ ክብደቱን የሚያስረሳውም ይኸው ነው።

ሙከራውን ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይጀምሩ። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀዎት ሌላ ቀን ይመለሱ፤ ደካማ ባትሪም ሆነ ማስነሳት የሚያስቸግር ሞተር የሚጋለጠው በብርዱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች በ«ኧርባን» ሞድ ይንዱ። በዚህ ሞድ ጉልበቱ ወደ 100 ይወርዳል፣ ጋዙም ለስላሳ ይሆናል። «ቱሪንግ» እና «ስፖርት» ሁለቱም ሙሉውን 162 ይሰጣሉ፤ ልዩነታቸው ጋዙ በሚመጣበት ፍጥነትና የትራክሽን ኮንትሮሉ (የኋላ ጎማው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረው ሥርዓት) በሚገባበት መጠን ላይ ነው። ትራክሽን ኮንትሮሉ ስምንት ደረጃ አለው፤ 1 ትንሹ፣ 8 ትልቁ ጣልቃ ገብነት ነው። እርጥብ መንገድ ላይ ዝቅ አድርጎ መጀመር ጀግንነት አይደለም።

አሁን በሦስተኛ ማርሽ ወደ 2,500 ዙር ያውርዱትና ጋዙን ቀስ ብለው ይክፈቱ። ይንቀጠቀጣል፤ ካቴናው ላላ ጠበቅ ሲል በእግርዎ ይሰማዎታል። ብዙ አዲስ ነጂ ይህን ብልሽት ነው ብሎ ይደነግጣል፤ ነገሩ ግን የሞተሩ ተፈጥሮ ነው። ፒስተኖቹ 106 ሚሊሜትር ስፋት አላቸው፣ የሚጓዙት ግን 67.9 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ሁለቱ ሲሊንደሮችም በእኩል ልዩነት አይተኩሱም። ዱካቲ የቫልቮቹን መደራረብ (የማስገቢያውና የማስወጫው ቫልቭ አብረው ክፍት የሚቆዩበትን ልክ) ከ41 ወደ 11 ዲግሪ ዝቅ አድርጎ ብዙ ቢያለሰልሰውም ጨርሶ አላጠፋውም። መድኃኒቱ አንድ ማርሽ መቀነስና ከ3,000 ዙር በላይ ማቆየት ነው። ከዚያ በላይ ወጥተው እንኳ መቆራረጡ ከቀጠለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ካቴናውን፣ ካንዴላዎቹንና የሁለቱን ሲሊንደሮች የነዳጅ ሚዛን ያስፈትሹ።

ቀጥሎ የኋላ ጎማው ይመጣል። በዚህ ሞተር ላይ ከሁሉም ይበልጥ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው እሱ ነው። መጠኑ 240/45 በ17 ነው፤ ፒሬሊ ከዱካቲ ጋር ሆኖ ለዚሁ ሞተር ያበጀው። ዱካቲ ሞተሩ እስከ 41 ዲግሪ ማጋደል እንደሚችል ይናገራል፤ ለክሩዘር ቁመና ይህ በጣም ብዙ ነው። ዋጋው ግን አለ። ሰፊ ጎማ ሲያጋድል መሬት የሚነካው ክፍል ከመሀል ወደ ጎን ርቆ ስለሚሄድ ሞተሩ ቀጥ ብሎ መቆም ይፈልጋል። ስለዚህ ኩርባ ውስጥ መሪውን በስሱ መግፋትዎን መቀጠል አለብዎት፦ ወደ ግራ ከሆነ የግራውን እጀታ ወደ ፊት፣ ወደ ቀኝ ከሆነ የቀኙን። ግፊቱን ከለቀቁት መስመሩ ይሰፋና ወደ ኩርባው ውጪ ይወስድዎታል። መሀል ኩርባ ላይ የፊት ፍሬን ከነኩ ደግሞ ይባስ ብሎ ይነሳል። ፍሬኑን ከኩርባው በፊት ጨርሰው፣ ዓይንዎን መውጫው ላይ አድርገው፣ ጋዙን በትንሹ ከፍተው ይግቡ። ይህን የለመደ ሰው ስለ ጎማው ማማረር ያቆማል።

የጎማውን ሁኔታ በዓይን ብቻ አይገምቱ። ቀጥ ያለ ማስመሪያ በጎማው ወርድ ላይ ያጋድሙበት። ጤነኛ ጎማ ከመሀሉ ብቻ ይነካል፤ በሁለቱም በኩል ክፍተት ይታያል። ማስመሪያው ሦስትና አራት ጣት በሚያህል ስፋት ተኝቶ ከተቀመጠ ጎማው በቀጥታ መንገድ ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆኗል። እንዲህ ያለ ጎማ መጀመሪያ አልታጠፍም ይልና ጠርዙን ሲያልፍ ድንገት ወደ ጎን ይወድቃል። ነጂው ሞተሩን ይረግማል፣ ጥፋቱ ግን የጎማው ነው። የነፋስ ማነስም ተመሳሳይ ክብደት መሪው ላይ ያመጣል፤ ስለዚህ ከሙከራው በፊት ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ በመመሪያው መጠን ያስሞሉ። በሌላ ወርድ ጎማ የተቀየረለት ካጋጠመዎት ይጠንቀቁ፤ ትራክሽን ኮንትሮሉ የሚሠራው የሁለቱን ጎማዎች ፍጥነት እያነጻጸረ ስለሆነ ስሌቱ ሊዛባ ይችላል።

የፊት ፍሬኑ የብሬምቦ ነው፣ ዲስኮቹ 320 ሚሊሜትር፤ በሁለት ጣት ያቆማል። የኋላው ብዙ ጊዜ ልል ይላል፤ ከመስመሩ አየር ሲወጣለት ይሻላል፣ ተዓምር ግን አይጠብቁ። ሙቀቱን ለማወቅ በተጨናነቀ መንገድ አሥር ደቂቃ ያህል ይንዱ፤ የኋለኛው ሲሊንደር ከመቀመጫው ሥር ስለሆነ ጭኑ ላይ ይሰማል። አፈናጠው የሚሄዱት ሰው ካለ አብሮዎት መጥቶ ይቀመጥበት፤ የኋላ መቀመጫው ጠባብ ነው። የነዳጅ ታንኩ 17 ሊትር ይይዛል።

ከመንገድ ከተመለሱ በኋላ የአገልግሎት መዝገቡን ይጠይቁ። ቁልፉ ጥያቄ የታይሚንግ ቺንጊያዎቹ (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር አናበው የሚያንቀሳቅሱት) መቼ ተቀየሩ የሚለው ነው። ሁለቱ ቺንጊያዎች በ24,000 ኪሎሜትር ወይም በአምስት ዓመት፣ ቀድሞ በመጣው፣ ይቀየራሉ። «ብዙ አልተነዳም» የሚለው መልስ እዚህ ላይ አይሠራም፤ ቺንጊያው ጎማ ስለሆነ ቆሞም ያረጃል። ቺንጊያ ከተበጠሰ ቫልቭ ከፒስተን ጋር ይጋጫል፣ ጥገናውም የሞተሩን ዋጋ ሊጠጋ ይችላል። በዚያው 24,000 የቫልቭ ክፍተትም ይለካል። የዱካቲ ቫልቭ የሚዘጋው በሞላ ሳይሆን በራሱ ማንሻ ስለሆነ ለስምንቱ ቫልቮች የመክፈቻውም የመዝጊያውም ክፍተት፣ በጠቅላላው አሥራ ስድስት ልኬት ያስፈልጋል። ሥራው ውድ የሆነው ለዚህ ነው። ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተሠራ ቆጥረው ከዋጋው ያስቀንሱ።

በግራ በኩል ከፊተኛው የካቴና ጥርስ አጠገብ ጣትዎን ያሳርፉ። የፍሪሲዮኑ የታችኛው ፒስተን እዚያ ነው፤ የፍሬን ዘይት እርጥበት ካገኙ ፓራኦሊዮው (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት) ደክሟል። በዱካቲ የታወቀ በሽታ ነው፣ ሲብስም ማርሽ መግባት ያስቸግራል፣ ገለልተኛውን ማግኘትም ፈተና ይሆናል። የፊት ሹካዎቹንም በንጹሕ ጨርቅ ጠረግ አድርገው፣ ፍሬን ይዘው ደጋግመው ይጫኑ፤ የዘይት ቀለበት ከታየ እዚያም ፓራኦሊዮ ይቀየራል። ካቴናውን ጎማውን እያዞሩ በተለያየ ቦታ ይመልከቱት፤ አንዱ ጋ ላላ፣ ሌላው ጋ ጥብቅ ካለ ካቴናውና ኮሮናው (የኋለኛው የካቴና ጥርስ) አብረው ይለወጣሉ። ከመላላት ይልቅ መጥበቅ ይከፋል፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ካቴና የማርሽ ሳጥኑን መውጫ ኩሽኔታ ይበላል።

እግር ወደ ፊት ዘርግቶ መንዳትና ከታች የሚነሳ ጉልበት የሚወድ ሰው ዲያቬልን ከማስተካከል ይልቅ ኤክስዲያቬልን ይሞክር። 1262 ሲሲ ነው፣ 2016 ላይ ለሽያጭ ቀረበ፤ ካቴና የለውም፣ በቺንጊያ ነው የሚነዳው፤ ከፍተኛ ጉተታውም በ5,000 ዙር ይገኛል። ለኩርባ ግን ዲያቬሉ ይሻላል።

ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ሁለቱንም ቁልፎች ይቀበሉ። አንደኛው ባትሪ ያለው፣ ኪስ ውስጥ ሆኖ የሚሠራ ነው፤ ሌላው ባትሪ የሌለው መጠባበቂያ። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ቁልፉ ቢርቅም አይጠፋም፤ ስለዚህ ቁልፉ በሻጩ ኪስ ቀርቶ ሩቅ ሄደው ካጠፉት መልሰው አያስነሱትም። በዳሽቦርዱ ምናሌ የራስዎን ባለ አራት አሃዝ ኮድ ያስገቡ፤ ቁልፉ ቢጠፋ ወይም ባትሪው ቢሞት በኮዱ ይነሳል። የቀድሞው ባለቤት ኮድ ካስቀመጠ እሱን ሳይቀበሉ አይለያዩ፤ ለመቀየር የሚጠየቁት አሮጌውን ነው።