ደረቅ ጎሚኒ ኮብልስቶን ላይ፦ ከመቀየራችሁ በፊት ልትሸሿቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮሮላዬን ከጋራዥ ባወጣሁ ማግስት እናቴን ከኮዬ ፈጬ ይዤ ወደ ከተማ ጉዞ ጀመርን። ቃሊቲ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋግቷል፤ ቆምን። ወዲያው መሪው እጄ ላይ ይነዝረኝ ጀመር። የኋላ ማሳያ መስታወቱ እየተንቀጠቀጠ ከኋላችን ያለውን የሚኒባስ መብራት ስድስት አድርጎ ያሳየኛል። የበሩ ኪስ ውስጥ ያሉት ሳንቲሞች ይንጫጫሉ። እናቴ ትንሽ ታገሰችና «ምነው ልጄ፣ ይቺ መኪና ወባ ይዟታል እንዴ?» አለችኝ። እኔም ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራቱንም የሞተር ማውንትና የፊት እግር ጎሚኒዎችን በአንድ ቀን በፖሊዩሪቴን (ባጭሩ ፖሊ፣ ከፋብሪካው ጎማ የሚደርቅ ፕላስቲክ መሰል ነገር) አስቀይሬ ነበር። ማውንት የምለው ሞተሩንና ካምቢዮውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘውን ጎማ ነው። ጎሚኒ ደግሞ የእግሩ ክንዶች የሚታጠፉበት ቡሺንግ ነው። ከዚያ ወዲህ ዓመት ከምናምን ነድቻታለሁ። ከፊሉን አውጥቼዋለሁ፣ ከፊሉን ትቼዋለሁ። እኔ የሠራኋቸውንና ሰው ሲሠራቸው ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ያለቀ ጎማን ከአዲስ ፖሊ ጋር ማወዳደር

«ፖሊ ካስገባሁ በኋላ መኪናዬ ሌላ መኪና ሆነች» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነቱን ነው። ግን ያወጣው ጎማ ምን ይመስል ነበር? የእኔ አንዱ ማውንት ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ብረት በብረት ላይ ተቀምጦ ነው የተገኘው። በእሱ ቦታ ምንም አዲስ ነገር ብታስገቡ መኪናዋ ሌላ ትሆናለች።

በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ብዙዎቻችን ያለችንን አሮጌ መኪና ጠጋግነን መንዳት ነው የያዝነው። ስለዚህ መጀመሪያ እንደ ፋብሪካው ያለ አዲስ ጎማ አስገብታችሁ አንድ ወር ንዱ። ከዚያ በኋላም ሞተሩ ሲወዛወዝ ከተሰማችሁ ስለ ደረቅ ማውንት እናውራ። ደግሞ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ፋብሪካው ከጻፈለት ጉልበት አንድ አምስተኛውን ወይም ከዚያ በላይ እዚህ ያጣል። ባለ 1.3 ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ የውድድር ማውንት የሚያስፈልገው ምን ሊገነጥል ነው? ይህን ራሴን መጠየቅ የነበረብኝ ገንዘቡን ከመክፈሌ በፊት ነበር።

ሁሉንም በአንድ ቀን መቀየር

ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነው። ባለአራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያቃጥላል። በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ 700 ዙር በደቂቃ ሲዞር በሰከንድ 23 ጊዜ ያህል ይመታል ማለት ነው። ፋብሪካው ጎማውን ለስላሳ ያደረገው ይህ ምት እዚያው ሞተሩ ክፍል ውስጥ እንዲቀር ነው። በአንዳንድ መኪኖች ማውንቱ ውስጥ ፈሳሽ አለ። ለትንሹ ንዝረት ለስላሳ ይሆናል፣ ለትልቁ መወዛወዝ ደግሞ ይቋቋማል። ጠንካራነት በሾር ኤ (ቁጥሩ ሲጨምር ጎማው ደረቅ ነው) ሲለካ የፋብሪካ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 60 ነው፤ ገበያ ላይ ያለው ፖሊ ደግሞ ከ70 እስከ 95 ይደርሳል። አራቱንም ስትቀይሩ ለንዝረቱ አራት በር ከፈታችሁለት ማለት ነው። መሪ፣ ወንበር፣ ክሩስኮት፣ የበር ፕላስቲክ፣ ሁሉም ጋ ይደርሳል።

የሚገርመው ግን ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ በሚወስደው ፈጣን መንገድ ላይ መኪናዋ እንደዚያ ቀን ተመችታኝ አታውቅም። ዙሩ ከፍ ሲል ንዝረቱ ጥፍት ይላል። ማርሽ ሲገባ ቀጥ ብሎ ነው። ነዳጅ ስሰጥም ሆነ ስለቅ ያ የድሮው «ጓ» የለም። ችግሩ እኔ አዳማ የምሄደው በዓመት ሦስት ጊዜ ነው፤ ቃሊቲ ሰልፍ ላይ ግን በየቀኑ እቆማለሁ።

እንደገና ብጀምር የምቀይረው አንድ ብቻ ነው፤ ሞተሩ ወደፊትና ወደኋላ እንዳይንገዋለል የሚይዘውን የታችኛውን ማውንት። የሞተሩን ክብደት የሚሸከሙት የግራና የቀኙ የፋብሪካ ጎማ ሆነው ይቀራሉ። ጥቅሙን አብዛኛውን ታገኛላችሁ፣ መንቀጥቀጡን በከፊል ብቻ። አንድ በአንድ ስትቀይሩ ደግሞ የቱ ምን እንዳመጣ ታውቃላችሁ። እኔ ይህንን ለማወቅ መልሼ አንድ በአንድ ማስፈታት ነበረብኝ፤ የእጅ ዋጋውን ሁለት ጊዜ ከፈልኩ።

ሚኒሞን ከፍ አድርጎ ማለፍ

መካኒኩ ጋ ስመለስ የመጀመሪያ መፍትሔው ይሄ ነበር። «ሚኒሞዋን ትንሽ ከፍ እናድርጋት፣ ይጠፋል።» ጠፋም። ግን በየሰልፉ ለቆመ መኪና ነዳጅ እየከፈልኩ ነው። በዚያ ላይ ሌላ በሽታ ይሸፍናል። የማውንት ንዝረት እኩል ነው፣ እንደ ስልክ ቫይብሬት። እየዘለለ፣ እየተቆራረጠ ከመጣ ግን አንዱ ሲሊንደር በደንብ አያቃጥልም ማለት ነው። ካንዴላ (ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) እዩ፣ የአየር መግቢያውን ጉሮሮ አስጠርጉ። የእኔ አንዱ ካንዴላ አልቆ ነበር። ለስላሳው ጎማ ደብቆልኝ የቆየውን ፖሊው አወጣው። ካንዴላው ሲቀየር ሚኒሞውን ወደ ቦታው መለስኩት፤ የእናቴ ወባ ግማሹ ለቀቀ።

ቡሎኑን መኪናው ክሪክ ላይ እንዳለ ማጥበቅ

ይሄ ስለ ፋብሪካ ጎሚኒ ነው፤ ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያባክነውም እሱ ይመስለኛል። የፋብሪካ ጎሚኒ ከውስጥ የብረት ቱቦ፣ ከውጭ የብረት ቀለበት አለው። ጎማው በመካከል ከሁለቱም ጋር ተጣብቋል። ክንዱ ሲወጣና ሲወርድ የሚንሸራተት ነገር የለም። ጎማው ራሱ እንደ እርጥብ ፎጣ ይጠመዘዛል፣ ይመለሳል።

አሁን ጋራዡን አስቡት። መኪናዋ በክሪክ ተነስታለች፣ እግሯ ተንጠልጥሏል። ልጁ አዲሱን ጎሚኒ አስገብቶ ቡሎኑን እዚያው በሙሉ ጉልበቱ ያጠብቀዋል። የውስጡ ቱቦ እግሩ እንደተንጠለጠለ ተቆለፈ ማለት ነው። መኪናዋ መሬት ስትወርድ ክንዱ ይነሳል፣ ጎማው ደግሞ ገና መንገድ ሳይወጣ ተጠምዝዞ ይቀመጣል። በዚያ ላይ ኮብልስቶኑ ይጨመርበታል። በጥቂት ወር ይቀደዳል፣ ከዚያ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ተብሎ የሸጠው ሰው ይሰደባል።

ትክክለኛው አሠራር ቀላል ነው። ቡሎኑን በእጅ ብቻ አስይዞ መኪናዋን መሬት ማውረድ። ወዲህ ወዲያ ገፋ ገፋ አድርጎ እንድትቀመጥ ማድረግ። ከዚያ ክብደቷ በእግሯ ላይ እንዳለ ከታች ገብቶ፣ ፋብሪካው በጻፈው ልክ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ማጥበቅ። ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ፈልጉ፤ በክሪክ ብቻ የተያዘ መኪና ስር ማንም አይግባ። እኔ ቆሜ ሳስጠብቅ ልጁ «ጋሼ፣ ምን ለውጥ አለው?» ብሎ ሳቀብኝ። ብዙ ፖሊ ጎሚኒ ቱቦው ላይ ስለሚዞር ይህ ጣጣ የለበትም። የራሱ ጣጣ ግን አለው።

ግራሶ መርሳት፣ ወይም ያገኙትን ግራሶ መቀባት

ፖሊ ይንሸራተታል ብያለሁ። ስለዚህ ግራሶ ይፈልጋል፤ ከሌለው ጉብታ ባለፋችሁ ቁጥር እንደ አሮጌ አልጋ ሲጢጥ ይላል። ተራው ግራሶ በክረምት ጭቃና ውሃ ቶሎ ይታጠባል፣ አጠገቡ ያለውን ጎማም ያሳብጣል። በሲሊኮን የተሠራ ወፍራሙን ተጠቀሙ። ከክረምት በኋላ፣ መስከረም ላይ እንደገና።

የቶርኖ ቤት ቴፍሎንን እንደ ፖሊ መቁጠር

ዕቃው ሶማሌ ተራ፣ የመኪና ዕቃ ገበያው፣ ሲጠፋ ቶርኖ ቤት ሄዶ ማስወጣት የተለመደ ነው። ባለሙያዎቹ እጃቸው ይባረክ፣ ልኩን አይስቱም። ችግሩ ቁሱ ነው። ፖሊ ደረቅ ቢሆንም ተጭኖ የሚመለስ ነገር ነው። ቴፍሎን የሚመለስ አይደለም። ሸክም ሲበዛበት ቀስ እያለ ቅርጹን ይለቃል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ መንኳኳት ይጀምራል። አንዳንዴ ቴፍሎን ተብሎ የሚሰጣችሁ ናይለን ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ውሃ እየጠጣ ያብጣል። ለጊዜው መኪና ለማንቀሳቀስ ይሁን። ሞተር ስር ግን አታስገቡት።

መንገዱን መርሳት

አብዛኞቻችን ከዋናው አስፋልት ወርደን ቤታችን እስክንደርስ ወይ ኮብልስቶን ነው ወይ ፒስታ። የፊት ክንድ ላይ ካሉት ጎሚኒዎች የኋለኛው ብዙ ጊዜ ለስላሳ ነው፤ ፋብሪካው ሆን ብሎ ነው እንደዚያ ያደረገው። እግሩ ጉድጓድ ሲገባ ትንሽ ወደኋላ እንዲሸሽ ነው። እሱን ስታደርቁት ምቱ የሚሸሽበት ያጣና ቀጥ ብሎ ወደ ብረቱ ይሄዳል። ሰፈሬ ያለችው 600 ሜትር የማትሞላ ኮብልስቶን ጥርሴን ስታንቀጫቅጨኝ ሁለት ወር ታገስኩ። ሦስተኛው ላይ ይህን ጎሚኒ ወደ ፋብሪካው መለስኩት። የማይጸጽተኝ ወጪ ቢኖር እሱ ነው።

በየትኛውም ዓይነት ብትቀይሩ አላይመንት (የእግሮቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ግዴታ ነው፤ ካልተስተካከለ የመንገዱን ጎማችሁን በአንድ ጎኑ ይበላዋል። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ ቡሎኖቹን አንዴ አስፈትሹ፤ ንዝረት ያላላው ዳዶ አይጠፋም። እኔ የባትሪው ማሰሪያና የማርሚታው መከላከያ ቆርቆሮ ላልተው አግኝቻለሁ።

አሁን መኪናዬ ላይ የቀረው ፖሊ የታችኛው ማውንት ብቻ ነው። ኤሲ ከፍቼ ስቆም የዳሽቦርዱ መሳቢያ ክዳን አሁንም ይዘፍናል። ሶፍት አጣጥፌ ወትፌበታለሁ።