የትንፋሽ ልኬት ሲዛባ፦ ማሽኑን ከመፍታታችሁ በፊት

ቁጥሩ ሲዛባ እጃችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ማሽኑ ነው። ቮልቴጅ እንነካካለን፣ ካሊብሬሽን እንደግማለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ትንፋሹ ማሽኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው።

የምጽፈው ፒቲአር-ኤምኤስ ስለሚባለው ማስ ስፔክትሮሜትር፣ ማለትም ትንፋሽ ውስጥ ያሉትን ሞለኪውሎች በክብደታቸው ስለሚለየው ማሽን ነው። ይህ ማሽን በውሃ አዮን አማካኝነት ለሞለኪውሉ አንድ ፕሮቶን ያቀብለዋል። ስለዚህ ክብደቱ 58 የሆነው አሴቶን 59 ላይ ይታያል። ከታች 43፣ 47 እያልኩ የምጠራቸው ቁጥሮችም እንዲህ ማሽኑ ላይ የሚታዩ ክብደቶች ናቸው።

አሴቶን ከልክ በላይ ወጣ

59 ሲያሻቅብ ስኳር በሽታ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ጤነኛ አዋቂ ትንፋሽ ውስጥ ከአንድ ቢሊዮን ሞለኪውሎች ውስጥ ጥቂት መቶ እስከ አንድ ሺህ ገደማው አሴቶን ነው። ሰው ሳይበላ ሲቆይ ጉበቱ ስብን ወደ ኪቶን ስለሚለውጥ አሴቶኑ ይጨምራል። እኛ አገር ታዲያ «ጾም ላይ ነዎት?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። አንዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም። ሌላው ጠዋት ሽሮውን በልቶ መጥቷል። ሁለቱም «አዎ፣ ጾመኛ ነኝ» ይላሉ። «መጨረሻ የበሉት ስንት ሰዓት ላይ ነው?» በሉ፤ መልሱንም ከናሙናው ጋር መዝግቡ።

ሌላው ምንጭ ክፍሉ ነው። አጠገባችሁ ብርጭቆ በአሴቶን እየታጠበ ሊሆን ይችላል። ከእያንዳንዱ ሰው በፊት የክፍሉን አየር ለኩ። ከፍ ካለ መስኮት ክፈቱና እስኪጸዳ ጠብቁ። የክፍሉን ቁጥር ቀንሶ መቀጠል ያጓጓል፤ አታድርጉት። ሰውየው ያንኑ አየር ሲስብ ስለቆየ ሳንባውና ደሙ ውስጥ ያለው በተራ መቀነስ አይወጣም።

43 እና 47 አብረው ዘለሉ

ሳኒታይዘር ነው። 47 ኢታኖል ነው። 43 ብዙ ሞለኪውሎች ሲሰበሩ የሚታይ ቁጥር ቢሆንም፣ ከ47 ጋር ከዘለለ የውሃ ሞለኪውል የጣለ አይሶፕሮፓኖልን (ሌላውን የሳኒታይዘር አልኮል) ጠርጥሩ። እኔ አንዴ የአዮን ምንጩን ፈትቼ ሳጸዳ ግማሽ ቀን ሄዶብኛል። ችግሩ በር ላይ የተቀመጠው ጠርሙስ ነበር። እጅ በውሃና በሳሙና ይታጠብ።

47 ብቻ ከሆነ የወጣው ከአፍ ሊሆን ይችላል። ጣፋጭ ከተበላ በኋላ የአፍ ውስጥ ተሕዋስያን ኢታኖል ይሠራሉ። በአፍንጫ አስተንፍሱና አወዳድሩ።

ያው ሰው፣ ግን አይሶፕሪኑ የተለያየ

69 ላይ የምታዩት አይሶፕሪን (ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው ጋዝ) እንቅስቃሴን ይከተላል። ደረጃ ወጥቶ ወዲያው የነፋ ሰው በእጥፍና ከዚያም በላይ ሊያሳይ ይችላል። ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይቀመጥ። ሲለካም እግሩን አያወራጭ።

ሲግናሉ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎም ይወርዳል

ትንፋሽ በውሃ ተን የተሞላ ነው። ቱቦው ከቀዘቀዘ ተኑ ጠል ይሆናል፤ ሜታኖልና አሞኒያም እዚያው ይሟሟሉ። ቱቦውን አሙቁ። መገጣጠሚያዎቹን በእጃችሁ ዳስሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሳይሞቅ የሚቀረው እሱ ነው። 37ንም (ሌላ የውሃ ሞለኪውል የተጣበቀበትን የውሃ አዮን) ተከታተሉ። ከክፍል አየር ወደ ትንፋሽ ስትሻገሩ በጣም ካደገ እርጥበቱ ማሽኑ ለጋዞቹ የሚሰጠውን ምላሽ ቀይሮታል። ካሊብሬሽኑን በእርጥብ ጋዝ ሥሩ።

88 እና 95 በሁሉም ናሙና ላይ አሉ

ትንፋሹ የተሰበሰበበት ከረጢት ነው። ቴድላር ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ከረጢት ዳይሜቲል አሴታማይድና ፌኖል ይለቃል። ደጋግማችሁ በንጹሕ ናይትሮጅን እጠቡት፤ ባዶውንም ከረጢት እንደ ናሙና ለኩ። ከተቻለ ሰውየው በቀጥታ ማሽኑ ላይ ይንፋ።

89 ለሰዓታት አልወርድ አለ

ትናንት ማታ ምን እንደበላ ጠይቁት። ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ከሆነ አሊል ሜቲል ሰልፋይድ ነው። አፍ መጉመጥመጥ አያጠፋውም፤ ከደም ወደ ሳንባ እየወጣ ነውና። ሌላ ቀን ቅጠሩት።