የሠራተኞችን የተፈጥሮ አካባቢ አመለካከት እንዴት እንለካ?

ካዛንቺስ ባለ ሆቴልም ሆነ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ ባንክ፣ መጠይቅ ከመበተናችሁ በፊት ሁለት ነገር ለዩ። አንዱ ሠራተኛው ስለ ተፈጥሮ ያለው ጠቅላላ እምነት ነው፤ የምድር ሀብት ያልቃል ወይ፣ ሰው ተፈጥሮን እንዳሻው ማድረግ ይችላል ወይ የሚለው። ሌላው በሥራ ቦታው ስላለው ጉዳይ፣ ስለ ወረቀት፣ ስለ ጄኔሬተር፣ ስለ ቆሻሻ መለየት ያለው አመለካከት ነው። ሁለቱን ደምራችሁ አንድ ውጤት ካወጣችሁ የለካችሁት ምን እንደሆነ አይታወቅም።

ለእምነቱ ከባዶ አትነሡ። ተመራማሪዎቹ ደንላፕና ቫን ሊር በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ በ2000 የተሻሻለው፣ NEP የሚባል ባለ 15 ዐረፍተ ነገር መለኪያ አለ። መልሱ ከ1 «በጣም አልስማማም» እስከ 5 «በጣም እስማማለሁ» ነው። ተራ ቁጥራቸው ጎዶሎ በሆነ ዐረፍተ ነገሮች (1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ…) መስማማት ለተፈጥሮ መቆርቆርን ያሳያል፤ ሙሉ በሆኑት (2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ…) ግን ተቃራኒውን። ስለዚህ የሙሉ ቁጥሮቹን መልስ ከ6 ቀንሱ፤ 4 ያለው 2 ይሆናል። ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ዐረፍተ ነገሮቹ ምን ያህል እርስ በርስ እንደሚስማሙ የሚያሳየው ክሮንባክ አልፋ ከ0.7 በታች ከወረደ መጀመሪያ ይህን ፈትሹ።

አንድ ሰው ወደ አማርኛ ይተርጉም፤ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ደግሞ መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ያዙረው። ከዚያ ከሂሳብ ክፍል፣ ከጽዳትና ከጥበቃ 8 ወይም 10 ሠራተኞች ጋር ቁጭ ብላችሁ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር «በራስዎ አባባል ይንገሩኝ» በሉ። ምድርን ከጠፈር መንኮራኩር ጋር የሚያመሳስለው 11ኛው ላይ በተለይ አተኩሩ። በ«አይ…ም» የሚያልቅ ዐረፍተ ነገር ላይ «አልስማማም» ማለትም ሰውን ያምታታል፤ በአዎንታ ሊጻፍ ከቻለ ጻፉት።

የሥራ ቦታውን ክፍል ራሳችሁ አዘጋጁ፤ 6 ወይም 8 ዐረፍተ ነገር ይበቃል። «ውሃና መብራት እቆጥባለሁ» አይሆንም፤ ሁለት ጥያቄ ነው፣ ደግሞም የሚጠይቀው ድርጊትን እንጂ አመለካከትን አይደለም። «ቆሻሻ ለይቶ መጣል የእኔም የሥራ ድርሻ ነው» ይሻላል።

300 ሠራተኛ ካለ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነትና በ5 በመቶ የስህተት ወሰን 169 መልስ ያስፈልጋል፤ የማይመልስም ስላለ ለ200 ያህል አድሉ። ከሥራ ክፍሎቹ በየብዛታቸው ዕጣ አውጡ። ባንክ ከሆነ ሰኔ መጨረሻ ላይ አትሂዱ፤ የሂሳብ መዝጊያ ነው።

ከሁሉም በላይ ቅጹን አለቃ አይሰብስብ። የሰው ኃይል ክፍልም ቢሆን አይሰብስብ። ሠራተኛው ስሙ እንደሚታወቅ ከጠረጠረ ድርጅቱ ሊሰማ የሚወደውን ይሞላል፤ ውጤቱም አምሮ ባዶ ይሆናል። የታሸገ ሣጥን አስቀምጡ፤ በጎግል ፎርም ከሆነ ኢሜይል መሰብሰቡን አጥፉ። ስም ባይጻፍም ዕድሜ፣ የሥራ ክፍልና የአገልግሎት ዘመን ተደምረው ሰውን ይጠቁማሉና ለትንተናው የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ጠይቁ። ማንበብ ለሚቸገሩ ከውጭ የመጣ ሰው ለየብቻ ያንብብላቸው፤ አፋን ኦሮሞ የሚቀናቸውም በዚያው ይጠየቁ።

የተዘለለ መልስ ላይ 3 አትሙሉ። ከ15ቱ 12 የመለሰውን በመለሳቸው አማካይ አስሉ፤ ከዚያ በታች የመለሰውን ተዉት። ከ10 ሰው በታች ያለበትን ክፍል ውጤት ለብቻው አታውጡ። በዓመቱ ስትደግሙት በዚያው ወቅት ይሁን፤ ቀበና ወንዝ በሞላበት ክረምት የተሰጠ መልስ ከበጋው ጋር አይወዳደርም።